ስድስተኛዋ ክኒን

አንድ ሰው በገዛ እጄ፣ በሰዓቱ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳላጓድል መድኃኒት እየሰጠሁ ልገድለው ነበር። ስህተት የሚባለው ነገር ከችኮላ ወይ ከስንፍና የሚመጣ ይመስላችኋል አይደል? እኔም ይመስለኝ ነበር። የእኔ ግን የመጣው ከጨዋነቴ ነው። «ጨዋ ልጅ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ ዛሬ ያንን ምስጋና ስሰማ ወሬ እቀይራለሁ።

ሐዋ እባላለሁ፤ ፋርማሲስት ነኝ። አባትና እናቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ባምባሲ አካባቢ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ በቆሎና ማንጎ እየበላሁ አድጌ፣ እንደ ምንም ተምሬ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ከአሶሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ማረሚያ ቤት ክሊኒክ ውስጥ ሆነ። ወድጄው አልገባሁም። አብረውኝ የተመረቁት ልጆች ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ እርዳታ ድርጅት ተቀጥረው በላንድክሩዘር ሲመላለሱ፣ እኔ በየማለዳው ቦርሳዬን በር ላይ አስፈትሼ፣ ስልኬን አስረክቤ እገባለሁ። ሰፈር ውስጥ «የት ነው የምትሠሪው?» ስባል «መንግሥት መሥሪያ ቤት» ብዬ አልፍ ነበር። መጠለያ ጣቢያው ለወጣ ክፍት ቦታ አመልክቼ ለፈተና ተጠርቼም ነበር፤ ይሄ የምነግራችሁ ነገር የደረሰው በዚያው ሳምንት ነው።

የክሊኒኩ መድኃኒት ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ታራሚው ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ፣ መሀላችን የሽቦ መረብ የተመታበት መስኮት፤ ከሥሩ እጅ የምታሳልፍ ክፍተት አለች። ብዙ ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ለታራሚ በእጁ አይሰጥም። ለምን ብትሉ፣ ታራሚው በክፍል በክፍሉ አንድ ላይ ነው የሚበላው፤ ክፍል የገባ ነገር የሁሉም ነው። ጎኑ የተኛው ሰው ካተኮሰው «እሱም ወንድሜ ነው» ብሎ ክኒኑንም እንደ ዳቦ ያካፍለዋል። ስለዚህ በሽተኛው በየቀኑ መስኮቱ ጋ ይመጣል፣ ፊት ለፊቴ ይውጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱን ያነሳል፤ እኔ አይቼ መዝገቡ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። በዚህ ሥራ ማንም አይደርስብኝም ነበር። ከእኔ መስኮት ክኒን በምላሱ ሥር ደብቆ የሄደ ሰው የለም።

ታራሚዎቹ ብዙዎቹ የበርታ ብሔረሰብ ሰዎች ናቸው፤ አማርኛ የማይሰሙም አሉባቸው። ለእነሱ ሼህ ናስር ያስተረጉሙልኛል። ሼህ ናስር ራሳቸው ታራሚ ናቸው፤ ሰባ የሚሆናቸው፣ ቁርአን ሲያስቀሩ የኖሩ፣ በመሬት ጠብ ሰው ተጎድቶ የገቡ ሽማግሌ። ከመስኮቱ አጠገብ አግዳሚ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይቀመጡና የእኔን ቃል በበርታዎቹ ቋንቋ፣ በሩጣንኛ፣ ለታራሚው፣ የታራሚውን ቃል በአማርኛ ለእኔ ያደርሳሉ። እሳቸው የቀሩ ቀን እኔ ደንቆሮ ነበርኩ።

አጣይብን የማውቀው እዚያ መስኮት ላይ ነው። ከኩርሙክ በኩል የመጣ፣ ወደ አርባ የሚጠጋው፣ ረጅም ቀጭን ሰው። ወርቅ በሚታጠብበት ቦታ በተነሳ ጠብ ነው የታሰረው። አማርኛው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ያለችውን ግን አይሰስትም። ለእሱ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው። «ዶክተር፣ አንተ ደህና አደርክ?» ይለኛል፤ ዶክተር አይደለሁም ማለት ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ይህ ሰው ወባ ያዘው። ደሙ ሲታይ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከርሞ እንደገና የሚነሳው ዓይነት ሆነ። ለትኩሳቱ ክሎሮኪን፣ ጉበት ውስጥ ለተደበቀው ደግሞ ፕሪማኩዊን የሚባል ክኒን በቀን አንድ ጊዜ ለአሥራ አራት ቀን ታዘዘለት።

ፕሪማኩዊን አብዛኛውን ሰው ምንም አይለውም። አንዳንድ ሰው ግን ሲፈጠር ጀምሮ ደሙ ውስጥ የሚጎድለው ነገር አለ፤ ያ ሰው ይቺን ክኒን ሲውጥ ደሙ እዚያው ደም ሥሩ ውስጥ ይፈርሳል። የፈረሰው በሽንት ይወጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ማን እንደሚጎድለው አስቀድሞ የሚለይ ምርመራ እኛ ጋ አልነበረም። የነበረን መከላከያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ሽንትህ ከጠቆረ ክኒኑን አቁምና ወዲያው ና።» ይቺን መናገር ደግሞ የሌላ የማንም ሳይሆን የእኔ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አጣይብ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ከኋላው አሥራ ምናምን ወንድ ተሰልፏል። ሼህ ናስር አንገታቸውን አዘንብለው ቃሌን ይጠብቃሉ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ቀረ። እኛ ቤት እኮ ያ ቃል በወንድ ፊት አይነሳም። የቸገረው ሰው «ወጣ ብዬ ልምጣ» ይላል፣ አለቀ። አባቴ ታሞ ተኝቶ ነርሷ ስለ ሽንቱ ስትጠይቀው፣ ሕመሙን ትቶ «መጀመሪያ ልጄን አስወጡልኝ» ያለ ሰው ነው። አሁን እኔ ይሄን በአያቴ ዕድሜ ላሉ ሼህ ልነግር፣ እሳቸው ደግሞ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ ጮክ ብለው ሊደግሙት ነው። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል።

«ሼህ፣ የተለየ ነገር ካየ ይምጣ በሉልኝ» አልኩ።

«የተለየ ነገር? ምን ዓይነት?»

«እ… ሰውነቱ ላይ። ደስ የማይል ነገር ካየ።»

ሼህ ናስር ትንሽ ጠበቁኝ፤ የምጨምር መስሏቸው ነው። ከዚያ ተረጎሙለት። አጣይብ ራሱን ነቀነቀ፣ ክኒኗን ዋጠ፣ ምላሱን አነሳልኝ። ቅጹ ላይ «ምክር ተሰጥቷል» የምትል ሳጥን አለች፤ እሷ ላይ ምልክት አደረግኩና «ቀጣይ» ብዬ ተጣራሁ።

በሁለተኛው ቀን ደህና ነበር። በሦስተኛው ቀን ክኒኑን ከዋጠ በኋላ ቶሎ አልሄደም፤ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ዶክተር፣ መድኃኒት ጎበዝ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፤ በዚያ መስኮት የሚያመሰግን ሰው ብዙ አይገኝም። በአራተኛው ቀን ሼህ ናስር የሆነ ነገር ሊሉኝ ጀምረው ጉሮሯቸውን ጠርገው ተዉት። «ምን ነበር ሼህ?» ብላቸው «ምንም፣ ምንም» አሉ። አምስተኛው ቀን ላይ አጣይብ መረቡን ይዞ ነበር የቆመው። ወባ ያደክማል፣ ያልፋል፣ ብዬ አሰብኩ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሰልፉ አለቀ፣ አጣይብ የለም።

«ሼህ፣ አጣይብ የታለ?»

«ተኝቷል። ጉልበት የለውም።»

እዚህ ላይ ጉብዝናዬን እዩልኝ። አንድ ቀን ከዘለለ ሕክምናው ይበላሻል፣ የአምስት ቀን ልፋቴ ገደል ይገባል፣ መዝገቤም ላይ ባዶ ሳጥን ይቀራል። «ደግፋችሁም ቢሆን አምጡልኝ» አልኩ። ሁለት የክፍሉ ሰዎች ብብቱን ይዘው አመጡት። ከንፈሩ አመድ መስሏል። እጁ በክፍተቷ ስትገባ ትንቀጠቀጥ ስለነበር፣ ክኒኗ እንዳትወድቅ ጣቶቹን እኔው ራሴ አጠፍኩለት። ዋጠ። ትእዛዜን ሳይጠብቅ አፉን ከፍቶ ምላሱን አነሳ። የምላሱ ሥር ነጭ ነበር፤ ቅላት የሚባል የለውም። ነጭ መሆኑን አየሁ፣ አይቼም ምልክቴን አደረግኩ። እስክሪብቶውን ሳላስቀምጥ ሰውየው መሬት ላይ ተዘረጋ።

የክሊኒኩ ጤና መኮንን ገመቹ ይባላል፤ የወለጋ ሰው፣ እንደ ታላቅ ወንድሜ የማየው። ተሯሩጠን አልጋ ላይ አወጣነው። ገመቹ የዓይኑን ቆብ ገልበጥ አድርጎ አየ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። «ወባው ጠንቶበታል፣ እዚህ የምናቆየው ሰው አይደለም» አለና የሪፈር ወረቀት መጻፍ ጀመረ።

እኔ ሼህ ናስርን ወደ ጥግ ወሰድኳቸው። «ሽንቱ ምን ይመስላል?» አልኳቸው። ቃሉ እንዲህ በቀላሉ ወጣ። አምስት ቀን ዘግይቶ።

ሼህ መሬት መሬት አዩ። «ጥቁር ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስተኛው ቀን።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ ሴት ልጅ ነው። ዐይብ ነው ብዬ ነው፣ ነውር። እሱም አትንገር አለኝ። በሽታው በሽንት እየወጣ ነው፣ መድኃኒት ጎበዝ ነው፣ ይላል። ደስ ብሎት ነው የሚውጠው።»

ወደ ገመቹ ዞሬ «ሽንቱ ጠቁሯል» አልኩት።

«ከባድ ወባም ያጠቁራል እኮ» አለ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

እውነቱን ነው፣ ያጠቁራል። «ፕሪማኩዊን ላይ ነው ግን» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

አሁን ቀና አለ። «ሽንትህ ከጠቆረ አቁም ብለሽ ነግረሽዋል አይደል?»

ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ ማለቴ ነው። ዋሸሁት። ሰው አልጋው ላይ እያጣጣረ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

«በቃ፣ ቢሆን ኖሮ ይነግርሽ ነበር። ወባው ነው» አለና ጽፎ ጨረሰ። ወረቀቱ ላይ «ከባድ ወባ» ይላል። ስለ ክኒኑ አንድ ቃል የለበትም።

የክሊኒካችን ነርስ ፈቃድ ላይ ስለነበረች ይዤው የምሄደው እኔ ሆንኩ። ሁለት ፖሊሶች አብረውን ወጡ። አንደኛው ሳጅን ወርቁ ነው፤ ፍተሻ ላይ የምሳ ዕቃዬን ሳይቀር በማንኪያ የሚያማስል፣ ሲስቅ አይቼው የማላውቅ ሰው። በማረሚያ ቤቱ ፒክ አፕ ውስጥ የአጣይብ ራስ ጭኔ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ይሄን መጻፌ ምን ይረባል። የመጠለያ ጣቢያው የሥራ ፈተና የዚያኑ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ሆስፒታል አስረክቤው ብወጣ እደርሳለሁ፣ ብዬ አሰብኩ። ሼህ ናስር ታራሚ ናቸው፣ ቢናገሩስ ማን ያምናቸዋል፣ ብዬም አሰብኩ። ቅጹ ላይ ምልክቴ አለ፣ ምን ይመጣብኛል፣ አልኩ። የሞት ጣር የያዘውን ሰው ራስ አቅፌ የማሰላው ይሄንን ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘችን ዶክተር ወጣት ናት። ወረቀቱን አነበበች፣ ደሙን አስመረመረች። ሳጅን ወርቁ የአጣይብን አንድ እጅ ከአልጋው ብረት ጋር አሰረ።

«ደሙ በጣም ወርዷል» አለች ዶክተሯ። «ግን ያለን ደም ጥቂት ነው፣ ለወላዶች ይዘነዋል። የወባውን መርፌ እንጀምርለትና እስከ ነገ እንየው። ወባው ሲገታ ደሙ ራሱ ይመለሳል። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ?»

የጠየቀችው አልጋው አጠገብ የቆመውን ሳጅን ነው። «እኔ ምን አውቄ» አለ። እኔ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ዝም አልኩ። ዶክተሯ ልትሄድ ዞረች።

አጣይብ ያኔ ዓይኑን ገለጠ። ሲፈልግ ቆየና እኔን አገኘኝ። «ዶክተር» አለኝ፣ ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ ብሎት። «ነገ እኔ መስኮት መምጣት አልችልም። አንተ ክኒን እዚህ አምጣ። እሺ?»

ክኒኗ እንዳታመልጠው መጨነቁ ነው። ስድስት ቀን ያስተማርኩትን ይዞ፣ እንዳልቆጣው፣ አንድ ቀን እንዳይጎድል ብሎ። ከዚያ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ዶክተር» አልኩ፣ እኔም ወደ ዶክተሯ። «ፕሪማኩዊን እየወሰደ ነው። ስድስት ክኒን ውጧል። ስድስተኛዋን ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ የሰጠሁት። ሽንቱ ከጠቆረ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው።»

ተመለሰች። «አራት ቀን? እየጠቆረ ነው እንዴ የሚውጠው? ከጠቆረ አቁም አልተባለም?»

«አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

«አፍሬ።»

«ምን አልሽ?»

«አፍሬ ነው። ሽንት የሚለውን ቃል በሽማግሌ ፊት መናገር አፍሬ ነው።»

ሳጅን ወርቁ አየኝ። ዶክተሯ ልትሰድበኝ የፈለገች ይመስለኛል፤ ጊዜ አልነበራትም እንጂ። የወባውን መርፌ አስቀረች፣ ደም እንዲዘጋጅ አዘዘች፣ ሽንቱ የሚወርድበት ቱቦ አስገባችለት። «ነገ ድረስ ብናቆየው ኖሮ አያድርም ነበር» አለች አጠገቧ ለቆመው ወንድ ነርስ እየተናገረች። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «ኩላሊቱ ካቆመ እዚህ የማደርግለት ነገር የለኝም፤ ያንን ዛሬ እናያለን» አለችኝ።

ደም የሚወጣለት ምትክ የሚሰጥ ሰው ሲገኝ ነው ተባለ። እጅጌዬን እጥፍ አድርጌ ሮጥኩ። ጣቴን ወጉና «የራስሽም ደም አንሷል፣ አንወስድም» ብለው መለሱኝ። ከሁለት ወር በፊት እኔንም ወባ ጥሎኝ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሳጅን ወርቁ ከኋላዬ መጣ።

«ተይ፣ የምን ማልቀስ ነው። የት ነው የሚሰጠው?» አለኝ።

ቀበቶና መሣሪያውን ለጓደኛው አስረክቦ ገባ። ሲገባ ለጓደኛው «እያየኸው፣ እንዳያመልጥ» አለው። ራሱን ማንሳት ስለማይችለው ስለ አጣይብ ነው እንዲህ የሚለው። ሥራ ሥራ ነው መቼም። ሲወጣ እጁ ላይ ጥጥ ተለጥፎበት አጠገቤ ተቀመጠና «ለአለቃው አንቺ ትነግሪያለሽ ወይስ እኔ ልንገር?» አለኝ።

«እኔ።»

«ጥሩ» አለ።

ስምንት ሰዓት አለፈ። ፈተናውን ያስታወስኩት ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ደሙ ከላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከአልጋው ሥር የሽንቱ ከረጢት ተንጠልጥሏል። እኔ ወንበር ስቤ ያንን ከረጢት አያለሁ። ስሙን መጥራት ያፈርኩበትን ነገር ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ። መጀመሪያ ጥቁር ነው፣ ደግሞም ጥቂት ነው። አሥር ሰዓት ላይ ጭራሽ አልጨመረም። ጣቴን ከረጢቱ ላይ ባለው መስመር አድርጌ «ጨምር፣ ጨምር» እያልኩ እለምነው ነበር፤ ነርሱ ያበድኩ መስሎት ዞር ብሎ አየኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከጣቴ በላይ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጨመረ። ዶክተሯ መጥታ ጎንበስ ብላ አየችና «ኩላሊቱ እየሠራ ነው» አለች። ሽንት አይቼ አልሐምዱሊላህ ያልኩት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ቀይ ሻይ መሰለ፤ በአራተኛው ቀን የጤነኛ ሰው ሆነ።

ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ ሁሉንም ነገርኩ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ይገባኛል። ከሁሉም የከበደኝ ገመቹ ነው። «የምክር ሳጥኗን አይደለም የምልሽ» አለኝ። «ጠይቄሽ ራስሽን ነቀነቅሽልኝ። በአንቺ ራስ መነቅነቅ ሰው ልቀብር ነበር።» ከሁለት ሳምንት በላይ ከሥራ በቀር አላናገረኝም። ጠባዩ አይደለም፤ እኔ ነኝ እንደዚያ ያደረግኩት።

ሼህ ናስር ደግሞ አጣይብ ተርፏል ስላቸው መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ እኔ አራት ቀን አውቅ ነበር» አሉኝ። «አንቺ አላወቅሽም። እኔ አውቄ ዝም አልኩ።» እኔም ዝም ማለቴን፣ በመኪና ውስጥ ያሰብኩትን ሳይቀር ነገርኳቸው። ሰምተው «እንግዲህ ሁለታችንም እንናገር» አሉ።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ ብዙዎቻችሁ የመድኃኒት ሰው እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። ግን ስንቱን ነገር በይሉኝታ ዋጥ አድርጋችሁ አልፋችኋል? እናቱን ሕመሟን ያልጠየቀ ልጅ፣ ለሐኪም እጢዋን ያላሳየች ሴት፣ ለልጁ መንገር ያለበትን ሳይነግር ልጁ ያደገበት አባት፣ እዚህ አገር ሞልቷል። ይሉኝታ መጥፎ ነው አልልም፤ እኔንም አሳድጎኛል። ግን ሰው የሚሞትበት ቦታ ላይ ሲሆን ጨዋነት አይደለም። እኔ ያን ቀን ያዳንኩት የራሴን ፊት ከመቅላት ነው፣ ዋጋው ግን የሌላ ሰው ደም ነበር።

ደግሞ ሰማዕት አታድርጉኝ። «ከዚያ በኋላ ታራሚዎችን ትቼ የትም አልሄድም ብዬ ማልኩ» ብል ደስ ይላችሁ ይሆናል፤ አልማልኩም። የመጠለያ ጣቢያውን ሥራ በዓመቱ እንደገና አመልክቻለሁ፤ አልጠሩኝም። ዛሬም እዚያው መስኮት ላይ ነኝ። አሁን ግን «የት ነው የምትሠሪው?» ስባል «ማረሚያ ቤት» እላለሁ። ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ አያለሁ፣ ግድ የለኝም። ከተማ ውስጥ ያለ በሽተኛ አንዱ መድኃኒት ቤት ካልተስማማው ሌላው ጋ ይሄዳል። እኔ መስኮት ላይ የሚቆም ሰው ሌላ መስኮት የለውም፤ የምሰጠውን ይውጣል፣ የምነግረውን ያህል ብቻ ያውቃል። ይሄ የገባኝ ዘግይቶ ነው፣ አጣይብ ከሆስፒታል የተመለሰ ዕለት።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው የተመለሰው። ከስቷል፣ ግን በራሱ እግር ነው የመጣው። ሰልፉ ውስጥ ተራውን ጠብቆ ደረሰ። ሰው እየሰማ ነገርኩት፤ ሼህ ናስርም እያንዳንዷን ቃል ተረጎሙ። ክኒኑ ደሙን እንዳፈረሰው፣ ማስጠንቀቅ የነበረብኝ እኔ መሆኔን፣ ያልተናገርኩት አፍሬ መሆኑን ነገርኩት። ይቅር በለኝ አልኩት።

አጣይብ ሰምቶ መረቡን ያዘ። የሆነ ነገር ጠየቀ፤ ሼህ «ያ ክኒን መርዝ ነው ወይ ይላል» አሉኝ።

«ለሌላው ሰው መድኃኒት ነው። ለእሱ ግን መርዝ ነው፤ ዕድሜ ልኩን የትም ቢሄድ እንዳይወስድ። ሲወለድ ጀምሮ በደሙ ያለ ነገር ነው። የእናቱ ልጆች፣ ወንድሞቹም ሊኖርባቸው ይችላል።»

ይሄን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ሦስት ወንድሞች አሉት፤ ሦስቱም ወባ በማይጠፋበት ቦታ ወርቅ ያጥባሉ። «ቅዳሜ ሊጠይቁኝ ሲመጡ አንተ ንገር» አለኝ በራሱ አማርኛ። እነግራለሁ አልኩ። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለኝም። እኔም አልደገምኩም።

የዚያን ቀን የታዘዘለት የአይረን ክኒን ነበር፤ ደሙን እንዲተካለት። መዳፉ ላይ አኖርኩለት። እጁ ከክፍተቷ አልወጣችም፤ ክኒኗን እያየ ቆመ። ከኋላው ያለው ሰልፍ ያያል።

«አጣይብ» አልኩት። «ይሄ ክኒን ዓይነ ምድርህን ያጠቁረዋል። እሱ ምንም አይደለም፣ እንዳትደነግጥ። ሽንትህን ግን አያጠቁርም። ሽንትህ ከጠቆረ እንዳትውጥ፣ ሮጠህ ና። ሌሊትም ቢሆን ጠባቂውን ጥራ።»

ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቀ። ሼህ ናስር ከአግዳሚያቸው ተነሱና ቀጥ ብለው ቆመው ጮክ ብለው ተረጎሙት፤ አንዲት ቃል አልዘለሉም።

አጣይብ አሁንም ክኒኗን ያያል። ከዚያ ቀና ብሎ «ዶክተር፣ ነገ አንተ እዚህ አለህ?» አለኝ።

«አለሁ» አልኩት።

እጁን ወደ አፉ ወስዶ ዋጠ።